የደም ምስክርነት፤ አደገኛ የሥጋ መመርቀዝን በደም ምርመራ ለመለየት የተደረገ ጥረትና ወሰኑ

በአንድ የትምህርት ዘመን ለባዮሎጂ ሰልጣኞች ባዘጋጀነው ፈተና ውስጥ የሚከተለው ጥያቄ ይገኝ ነበር። «አንድ በሽተኛ እግሩ አብጦና ቀልቶ፣ ብርቱ ሕመም እየተሰማው ወደ ሆስፒታል መጣ። የደሙ ምርመራ ውጤት በነጥብ ሲሰላ 4 ሆነ። የአደጋው ወሰን 6 ነጥብ ከሆነ፣ ይህ ሰው ሥጋን የሚያበሰብሰው በሽታ አለበት ወይስ የለበትም?» አብዛኞቹ ሰልጣኞች «የለበትም» ብለው መለሱ። እኛም የማረሚያውን ቁልፍ ስናዘጋጅ መልሱ ይኸው ነው ብለን ስለነበር ሙሉ ነጥብ ሰጠናቸው። አንዲት ሰልጣኝ ብቻ «ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ የለበትም ማለት አይቻልም» ብላ ጽፋ ነበርና ነጥብ አጣች።

ወረቀቱ ከተመለሰ በኋላ ይህችው ሰልጣኝ ወደ ቢሯችን መጥታ፣ «መምህር፣ ቁጥሩ 6 ስላልሞላ ሰውዬው ይሙት ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችን። በወቅቱ ያገኘነው መልስ «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ከማለት አላለፈም። ኋላ ግን ይህ 6 የተባለ ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳወጣውና በምን እንደተፈተነ ስንመረምር የተሳሳትነው እኛ መሆናችንን ተረዳን። ነጥቧ ተመለሰላት። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነንም የእርሷ ጥያቄ ነው።

በሽታው እንዴት ታወቀ?

እንደሚታወቀው በሰውነታችን ውስጥ ከቆዳው በታች ስብ፣ ከስቡም በታች ጡንቻን እንደ ከረጢት ጠቅልሎ የያዘ ስስ ሽፋን አለ። ሥጋ ሲዘለዘል ከብልቱ ላይ እየተገፈፈ የሚወጣው ነጭ ሽፋን ማለት ነው። በሕክምና ቋንቋ ፋሺያ ይባላል። ቁስል ሲያመረቅዝ ብግነቱ አብዛኛውን ጊዜ በቆዳውና ከሥሩ ባለው ስብ ተወስኖ ስለሚቀር በመድኃኒት ይድናል። አልፎ አልፎ ግን ባክቴሪያዎች ወደ ፋሺያው ይዘልቁና ሽፋኑን ተከትለው በሰዓታት ውስጥ ይሠራጫሉ። በአካባቢው ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች በረጋ ደም ይደፈናሉ፤ ሥጋውም ደም አጥቶ ይሞታል። ደም ወደማይደርስበት ሥጋ በደም ውስጥ የሚሰጥ መድኃኒትም በሚገባ አይደርስም። ስለዚህ የሞተው ክፍል በቀዶ ጥገና ካልተወገደ በሽተኛውን ማዳን አይቻልም።

ይህ ደዌ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በደቡቦቹ ጦር ውስጥ ያገለገለው ሐኪም ጆሴፍ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1871 ባወጣው ጽሑፍ፣ በጦር ሆስፒታሎች የታዩ 2,642 የዚህ ዓይነት ሕሙማንን መዝግቧል። ከእነዚህም ውስጥ 46 በመቶው ያህል ሞተዋል። በዚያን ጊዜ በሽታው «የሆስፒታል ጋንግሪን» ይባል ነበር። በ1924 ደግሞ ፍራንክ ሜሌኒ የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በቻይና፣ በፔኪንግ ያከማቸውን የ20 በሽተኞች ታሪክ አሳተመ። መንስኤው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን ካሳየ በኋላ የበሽታውን አካሄድ ቀን በቀን ገለጸ፤ በመጀመሪያ እብጠት፣ ትኩሳትና መቅላት፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ቆዳው ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዚያም ይሞታል። ዛሬ በሽታው የሚጠራበትን «ኔክሮታይዚንግ ፋሺያይቲስ» የተባለ ስም የሰጠው በ1952 አሜሪካዊው ሐኪም ዊልሰን ነው። የስሙ ትርጉም የፋሺያ መበስበስ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሜሌኒ የገለጸው የቆዳ መጥቆር ለዓይን በሚታይበት ጊዜ ከሥር ያለው ሥጋ አስቀድሞ ሞቷል። በመጀመሪያው ቀን ግን ይህ አደገኛ በሽታና በመድኃኒት የሚድነው ተራ ብግነት በመልክ አይለያዩም። በሲንጋፖር የሚሠሩ ሐኪሞች በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በሽታው ከነበረባቸው 89 ሰዎች መካከል ሆስፒታል በገቡበት ሰዓት በትክክል የታወቀላቸው 13ቱ ብቻ ነበሩ። ቀዶ ጥገናው ከ24 ሰዓት በላይ ሲዘገይ የሞት ቁጥር እንደሚጨምርም ይኸው ጥናት አሳይቷል። እንግዲህ ዓይን ከቆዳ በታች ማየት ካልቻለ፣ ከሥር የሚሆነውን የሚናገር ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። ሐኪሞች ፊታቸውን ወደ ደም የመለሱት ለዚህ ነው።

ደምን የማንበብ ጥረት

በደም ውስጥ የበሽታን ምልክት መፈለግ የቆየ ልማድ ነው። በአገራችን ዋገምት እንደሚደረገው ሁሉ፣ በአውሮፓም ሐኪሞች በሽተኛን ማድማት የተለመደ ሥራቸው ነበር። ደሙ በሳሕን ውስጥ ሲቆይ፣ ብርቱ ትኩሳትና ብግነት ካለበት ሰው የተቀዳው በላዩ ላይ ነጣ ያለ ሽፋን ይሠራል። ይህን በትክክል አስተውለዋል። ነገር ግን ሽፋኑ የበሽታው ራሱ መንስኤ መስሏቸው፣ ይህን ባዩ ቁጥር በሽተኛውን ይበልጥ ያደሙት ነበር። ምልክቱን ማየት አንድ ነገር፣ ትርጉሙን ማወቅ ሌላ ነገር መሆኑን የሚያስተምር ምሳሌ ነው።

ትርጉሙ የተገኘው ዘግይቶ ነው። በ1897 ኤድመንድ ቢየርናትስኪ የተባለ የዋርሶ ሐኪም የደም ዝቃጭ ፍጥነት ከበሽታ ጋር እንደሚለዋወጥ አሳየ። ስዊድናዊው ሮቢን ፎሬዎስ ከ1918 ጀምሮ በነፍሰ ጡሮች ደም ላይ ይህንኑ አጠና፤ በ1921 የአገሩ ልጅ አልፍ ቬስተርግሬን በሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ላይ ተጠቀመበት። አሠራሩ ቀላል ነው። በብግነት ጊዜ ፋይብሪኖጅን የተባለው ፕሮቲን በደም ውስጥ ይበዛል፤ ቀይ የደም ሕዋሳትም እንደ ሳንቲም ቁልል እየተደራረቡ ስለሚከብዱ ቶሎ ይዘቅጣሉ። የጥንቶቹ ሐኪሞች በሳሕን ያዩት ነጭ ሽፋንም ቀዩ ፈጥኖ ሲዘቅጥ ከላይ የሚቀረው ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ የተወሰደው በኒው ዮርክ ነው። በ1930 ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ በሮክፌለር ተቋም የሳንባ ምች በሽተኞችን ሲያጠኑ አንድ እንግዳ ነገር አገኙ። ከሳንባ ምች ባክቴሪያ የወጣ፣ «ሲ» ብለው የሰየሙት ንጥረ ነገር ከበሽተኞቹ የደም ውኃ ጋር ሲቀላቀል ይረጋል፤ በሽተኛው ሲድን ግን ይህ መርጋት ይጠፋል። በ1941 በዚያው ተቋም በተደረገ ጥናት አርጊው ፕሮቲን መሆኑ ታወቀ። ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። የሚሠራው በጉበት ውስጥ ሲሆን፣ ብግነት ከተነሣ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መጨመር ይጀምርና በሁለት ቀን ገደማ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል። በጤነኛ ሰው በሊትር ጥቂት ሚሊግራም የነበረው በብርቱ ሕመም ጊዜ በመቶዎች ይቆጠራል። ለመድረስ ሰዓታት የሚፈልግ መሆኑን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ስድስቱ ቁጥሮች

አንድ ምስክር ሊሳሳት ይችላል፤ ብዙ ምስክሮች ሲስማሙ ግን ነገሩ ይጠነክራል። በ2000 በካሊፎርኒያ የሚሠሩ ቀዶ ሐኪሞች ሁለት ቁጥሮችን፣ ማለትም ነጭ የደም ሕዋሳትንና ሶዲየምን አጣምረው ለመጠቀም ሐሳብ አቀረቡ። በ2004 ደግሞ በሲንጋፖር ቺን-ሆ ዎንግና ባልደረቦቹ በሽታው የነበረባቸውን 89 ሰዎች፣ ሌላ ዓይነት ብግነት ከነበረባቸው 225 ሰዎች ጋር አነጻጽረው ስድስት ቁጥሮች ያሉትን የነጥብ መዘርዝር አወጡ። መዘርዝሩም የሚከተለው ነው።

1ኛ. ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን በሊትር 150 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ 4 ነጥብ፤
2ኛ. ነጭ የደም ሕዋሳት በአንድ ሚሊሜትር ኩብ ከ15,000 እስከ 25,000 ሲሆኑ 1 ነጥብ፣ ከ25,000 ሲበልጡ 2 ነጥብ፤
3ኛ. ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ከ11 እስከ 13.5 ግራም ሲሆን 1 ነጥብ፣ ከ11 ሲያንስ 2 ነጥብ፤
4ኛ. ሶዲየም በሊትር ከ135 ሚሊሞል ሲያንስ 2 ነጥብ፤
5ኛ. ክሪያቲኒን በዴሲሊትር ከ1.6 ሚሊግራም ሲበልጥ 2 ነጥብ፤
6ኛ. በደም ውስጥ ያለ ስኳር በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ሲበልጥ 1 ነጥብ።

ድምሩ 13 ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ምስክርነት አለው። ፕሮቲኑና ነጭ ሕዋሳቱ የብግነቱን ብርታት፣ ክሪያቲኒኑ የኩላሊትን መጎዳት፣ ስኳሩ የሰውነትን ጭንቀት ወይም ቀድሞ የነበረ የስኳር በሽታን፣ የሄሞግሎቢንና የሶዲየም መቀነስም የመላ ሰውነትን መናጋት ያመለክታሉ። ልብ እንበል፤ ከስድስቱ አንዱም ስለ ፋሺያው በቀጥታ አይናገርም። የሚነግሩን ሰውዬው ምን ያህል እንደታመመ እንጂ ሕመሙ የት እንዳለ አይደለም።

አዘጋጆቹ 6 ነጥብን እንደ ወሰን ወሰዱ። በሽታው ከነበረባቸው 89 ሰዎች 80ዎቹ ከወሰኑ በላይ፣ ካልነበረባቸው 225 ሰዎች ደግሞ ከወሰኑ በላይ የወጡት 7 ብቻ ሆኑ። ይህ መልካም ውጤት ነው፤ በብዙ አገሮች የሚገኙ ሐኪሞች መዘርዝሩን በደስታ መቀበላቸውም አያስደንቅም። ሆኖም ከ89ኙ 9ኙ ከወሰኑ በታች ቀርተዋል። እኛ በማረሚያ ቁልፋችን «የለበትም» ያልነው እንደነዚህ 9 ሰዎች ያለውን በሽተኛ ነበር።

ከወሰኑ ግራና ቀኝ

መምህራን ወሰን ምን እንደሆነ ከማንም በላይ እናውቃለን። የማለፊያው ነጥብ 50 ሲሆን 49 ያመጣው ይወድቃል፣ 50 ያመጣው ያልፋል፤ በሁለቱ ተማሪዎች እውቀት መካከል ግን ያን ያህል ልዩነት እንደሌለ ያረመ ሁሉ ያውቀዋል። በደም ምርመራውም እንዲሁ ነው። ይህንን በምሳሌ ብናስረዳ፦

አንድ በሽተኛ ነጭ ሕዋሳቱ 18,000 (1 ነጥብ)፣ ሄሞግሎቢኑ 12 (1 ነጥብ)፣ ሶዲየሙ 133 (2 ነጥብ)፣ ክሪያቲኒኑና ስኳሩ ደህና (0)፣ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲኑ 140 (0) ነው እንበል። ድምሩ 4 ይሆናል። የዚሁ ሰው ፕሮቲን ከጥቂት ሰዓት በኋላ 152 ቢሆን ድምሩ 8 ይሆናል። በመዘርዝሩ መሠረት ከዝቅተኛው ሥጋት በአንድ ጊዜ ወደ ከፍተኛው ዘለለ ማለት ነው። በፕሮቲኑ ላይ የተጨመረው 12 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ሰውዬውም ያው ሰው፣ እግሩም ያው እግር ነው። ቀደም ሲል እንዳልነው ፕሮቲኑ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ለመድረስ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ቶሎ ወደ ሐኪም የመጣ በሽተኛ ሊድን የሚችልበት ሰዓት ላይ እያለ ዝቅተኛ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

ከዚህም ሌላ «ዝቅተኛ ሥጋት» የተባለው ራሱ ምን ማለት እንደሆነ መታወቅ አለበት። በመዘርዝሩ አዘጋጆች አገላለጽ 5ና ከዚያ በታች ማለት በሽታው የመኖሩ ዕድል ከ50 በመቶ በታች ነው ማለት ነው። ከ50 በታች ማለት ደግሞ ዜሮ ማለት አይደለም። አዘጋጆቹ ያላሉትን የጨመርነው እኛ፣ መዘርዝሩን ያጠናንና ያስተማርን ሰዎች ነን።

ቁጥሩ በሰፊው ሲፈተን

አንድ መምህር ከራሱ ክፍል ማስታወሻ ያወጣው ፈተና በራሱ ተማሪዎች ዘንድ ጥሩ ውጤት ማስገኘቱ የታወቀ ነው። ፈተናው የሚፈተነው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲሄድ ነው። የሲንጋፖሩ መዘርዝርም ከዚያ በኋላ በተለያዩ አገሮች ተሞከረ። እስከዚያ ጊዜ የተደረጉትን ጥናቶች አንድ ላይ የደመረ ግምገማ በ2019 ታትሞ ወጣ። በዚህ ግምገማ መሠረት፣ በ6 ነጥብ ወሰን መዘርዝሩ የያዘው ከእውነተኞቹ በሽተኞች 68 በመቶ ያህሉን ነው። በሽታው ከሌለባቸውም 85 በመቶ ያህሉን በትክክል ነጻ አውጥቷል። ወሰኑ ወደ 8 ከፍ ሲል ነጻ የሚወጡት 95 በመቶ ይደርሳሉ፤ የሚያዙት በሽተኞች ግን ወደ 41 በመቶ ይወርዳሉ። ወሰኑን ከፍ ባደረግን ቁጥር በከንቱ የምናስደነግጠው ሰው ይቀንሳል፤ ሳናይ የምናሳልፈው በሽተኛ ግን ይበዛል።

የሂሳብ መምህራን ይህን ወደ ሰሌዳ እንዲያወጡት እንጋብዛለን። በአንድ ሆስፒታል ቆዳቸው ቀልቶና አብጦ የመጡ 1,000 ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱም አደገኛው በሽታ ያለባቸው 10 ናቸው ብለን እንነሣ። ቁጥሩ 68 በመቶውን የሚይዝ ከሆነ ከ10ሩ 7ቱን ያህል ያገኛል፤ 3ቱ ያመልጣሉ። ከቀሩት 990 ጤነኞች ደግሞ 15 በመቶው፣ ማለትም 149 ያህሉ ያለ በሽታቸው ከወሰኑ በላይ ይወጣሉ። እንግዲህ ከወሰኑ በላይ ከወጡት 156 ሰዎች በሽታው ያለባቸው 7 ብቻ ናቸው። በሲንጋፖሩ ጥናት ግን ከ314 ሰዎች 89ኙ፣ ማለትም ከአራት አንድ በላይ የሚሆኑት በሽተኞች ስለነበሩ ስሌቱ ሌላ መልክ ነበረው። አንድ መለኪያ በአንድ ቦታ ያስገኘው ውጤት የበሽተኛው ብዛት በተለየበት ቦታ እንዳለ አይደገምም።

ታዲያ ጉዳዩን የሚቆርጠው ምንድን ነው? ዛሬም የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ሐኪሙ በዓይኑና በእጁ የሚያደርገው ምርመራ ነው። ከቁስሉ መልክ ጋር የማይመጣጠን ብርቱ ሕመም፣ በሰዓታት ውስጥ የሚሰፋ እብጠት፣ የቆዳ መጥቆር ወይም መደንዘዝ ጥርጣሬውን ያጠናክራሉ። ጥርጣሬው ሲጠና ቀዶ ሐኪሙ በትንሹ ቀዶ ከሥር ያያል። ፋሺያው ግራጫ ሆኖ ካልደማ፣ የዕቃ እጣቢ የመሰለ ቀጭን ፈሳሽ ከወጣና ጣት ሲገባ ሽፋኑ ያለ ችግር ከተላቀቀ፣ ምርመራው በዚያው ያበቃል፤ ቀዶ ጥገናው ይቀጥላል። ስድስቱን የደም ምርመራዎች በአንድ ሌሊት ሠርቶ የሚያደርስ ላቦራቶሪ በየጤና ጣቢያው እንደማይገኝ ሲታሰብ፣ የዓይንና የእጅ ምርመራ ዋጋ ይበልጥ ይጎላል።

ይህን ስንል ግን የደም ምርመራው ጥቅም የለውም ማለታችን አይደለም። መልኩ ደህና የሚመስል በሽተኛ ከፍተኛ ነጥብ ሲያመጣ፣ ቁጥሩ ሐኪሙን ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። በየሰዓቱ ተደጋግሞ ሲሠራም የሕመሙን አካሄድ ያሳያል። በአጭሩ፣ ከፍ ያለ ቁጥር ሐኪሙን ይቀሰቅሰዋል፤ ዝቅ ያለ ቁጥር ግን ሊያስተኛው አይገባም። በፍርድ ቤት ቋንቋ ብንገልጸው፣ ደም ይመሰክራል እንጂ አይፈርድም።

በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

ይህ ታሪክ ለሦስት የትምህርት ዓይነቶች ይጠቅማል። የባዮሎጂ መምህር የደምን ክፍሎችና የብግነትን ምንነት ሲያስተምር ከሳሕኑ ነጭ ሽፋን ተነሥቶ እስከ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን መድረስ ይችላል። የሂሳብ መምህር የመቶኛን ስሌት በ1,000ዎቹ ሰዎች ምሳሌ ሊያስረዳ ይችላል። የታሪክ መምህር ደግሞ አንድ እውቀት ከጦር ሆስፒታል ወደ ፔኪንግ፣ ከስዊድንና ከኒው ዮርክ ወደ ሲንጋፖር እየተቀባበለ እንዴት እንዳደገ ያሳያል። ከሁሉም በላይ፣ ተማሪዎች ቤተሰባቸው ውስጥ አንድ ሰው ትንሽ ቁስል ኖሮበት ከቁስሉ በላይ የሆነ ሕመም ሲያሰቃየውና እብጠቱ በሰዓታት ሲሰፋ ቢያዩ፣ ነገ ይሻለው ይሆናል ሳይሉ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም እንዲወስዱት መንገር ይገባናል።

እኛም የፈተና ጥያቄያችንን አሻሽለነዋል። በሽተኛው ያው ነው፤ እግሩ አብጧል፣ ሕመሙ ብርቱ ነው፣ ነጥቡም 4 ነው። የተለወጠው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። «አለበት ወይስ የለበትም?» የሚለውን ሰርዘን፣ «ይህን ሰው ወደ ቤቱ ከመመለሳችሁ በፊት ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ?» የሚል ተክተናል። የማረሚያ ቁልፉ ካለፈው ረዝሟል፤ ማረሙም ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ሆኖም ከሰልጣኞቻችን ብዙዎቹ «እግሩን እንደገና አያለሁ፤ ምርመራውም ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይደገም» ብለው ሲጽፉ ስናነብ፣ ያቺ ሰልጣኝ ያን ቀን ቢሯችን ድረስ መምጣቷን እናመሰግናለን።